የሕክምና ሠልጣኞች ቁጥርና ግራፍ የማንበብ ክህሎት ትኩረት ያሻዋል

የጤና አገልግሎት ጥራት በተነሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰቡት የሐኪሞች ብዛት፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የሕክምና መሣሪያዎች ናቸው። ሐኪሙ ከላቦራቶሪ የመጣለትን ቁጥርና በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሰፈረውን ግራፍ በትክክል ያነባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡት ወጣቶች በትምህርታቸው ከእኩዮቻቸው ልቀው የተገኙ ናቸው። በኢትዮጵያ በጥር ወር 2015 ዓ.ም ይፋ በተደረገው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ሕክምና የሚመደቡት ደግሞ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል በከፍተኛ ነጥብ የተመረጡት ናቸው። እንዲህ ያለው ወጣት በመቶኛና በግራፍ ይሰናከላል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ይሁን እንጂ ላለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው። ችግሩ ያልሠለጠኑ ሰዎች ችግር አይደለም። በዓለም ስመ ጥር በሆኑ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ በ1978 በአሜሪካ ለንባብ የበቃው ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር በሚገኙ አራት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለ60 ሰዎች አንድ አጭር ጥያቄ ቀረበላቸው። 20ዎቹ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች፣ 20ዎቹ በሥልጠና ላይ የሚገኙ ሐኪሞች፣ የተቀሩት 20 ደግሞ ነባር ሐኪሞች ነበሩ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው። ከ1,000 ሰዎች መካከል አንዱ የሚያዝበት በሽታ አለ። በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ 5 በመቶዎቹን በስህተት አለባቸው የሚል የምርመራ ዘዴ አለ። ስለ ሕመም ምልክቱ ምንም ያልታወቀ አንድ ሰው በዚህ ምርመራ በሽታው ተገኘበት ቢባል፣ በእርግጥ ሕመምተኛ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው?

ከ60ዎቹ መካከል በትክክል የመለሱት 11 ብቻ ነበሩ። 27ቱ 95 በመቶ ሲሉ መለሱ። ትክክለኛው መልስ ግን 2 በመቶ ገደማ ነው።

ስሌቱ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚያልፍ አይደለም። 1,000 ሰዎች ቢመረመሩ በእርግጥ የታመመው አንድ ነው። ከቀሩት 999 ጤነኞች መካከል 5 በመቶዎቹ፣ ማለትም 50 ያህሉ፣ ሳይታመሙ ታመዋል ይባላሉ። በጠቅላላው 51 ሰዎች የምርመራ ውጤታቸው "አለ" የሚል ሲሆን ከእነርሱ እውነተኛው ሕመምተኛ አንዱ ብቻ ነው። አንድን ለ51 ማካፈል ለማንም የሚከብድ አይደለም። ያስቸገረው ማካፈሉ ሳይሆን ለየትኛው ቁጥር ማካፈል እንደሚገባ ማወቁ ነበር። በክፍልፋይ ከግርጌ የሚቀመጠው ታሕት ከጠፋ ላዕሉ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን መልሱ አይገኝም።

ከ36 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2014፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በአንድ የቦስተን ሆስፒታል ያንኑ ጥያቄ ለ61 ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች መልሰው አቀረቡት። በትክክል የመለሱት 14 ሲሆኑ 27ቱ እንደገና 95 በመቶ አሉ። በመካከሉ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ገብቷል፣ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የሚባለው አስተሳሰብም በየሥርዓተ ትምህርቱ ተጨምሯል። መሻሻሉ ግን ኢምንት ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው መካከል የኤች.አይ.ቪ ስርጭት ምጣኔ 0.9 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ለስሌት እንዲመች ምጣኔው 1 በመቶ፣ የፈጣን ምርመራው አስተማማኝነትም በሁለቱም አቅጣጫ 99 በመቶ ነው እንበል። 10,000 ሰዎች ቢመረመሩ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 99ኙ ይገኛሉ። ቫይረሱ ከሌለባቸው 9,900 ሰዎች መካከልም እንዲሁ 99ኙ በስህተት አለባችሁ ይባላሉ። 99 በመቶ አስተማማኝ በተባለ ምርመራ በመጀመሪያው ውጤት "አለባቸው" ከተባሉት መካከል ግማሾቹ ነጻ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። አንድ ምርመራ ብቻ ታይቶ ለሰው የማይነገረው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁሉም አገሮች ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች "አለ" የሚል ውጤት ካላሳዩ ሰው ቫይረሱ አለበት እንዳይባል ያሳሰበውም፣ ስርጭቱ እየቀነሰ ሲሄድ የስህተቱ ድርሻ እየጨመረ እንደሚሄድ ስለታወቀ ነው። አንድ ሠልጣኝ ይህን ሦስት ጊዜ መመርመር እንደ ደንብ ብቻ ሸምድዶ የያዘው ከሆነ፣ ወረፋ በበዛበትና የምርመራ ዕቃ ባነሰበት ቀን ደንቡን ለማሳጠር የሚፈተነው እርሱ ነው።

የችግሩ መነሻ የሒሳብ ችሎታ ማነስ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። በእርግጥ መሠረታዊው ችሎታም ቢሆን ሙሉ አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና 62 የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ከ1,000 አንድ ማለት ስንት በመቶ ነው እንደሚለው ያሉ ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ቀርበውላቸው ሦስቱንም በትክክል የመለሱት 77 በመቶዎቹ እንደነበሩ እ.ኤ.አ በ2002 የታተመው ጥናት ያስረዳል። ከአራት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ቢያንስ በአንዱ ተሰናክሏል። የሆነ ሆኖ ዋናው ጉዳይ ቁጥሩ የሚቀርብበት መልክ መሆኑን የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ከወደ ጀርመን ተገኝቷል።

የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጌርድ ጊገሬንዘር በ160 የማህፀን ሐኪሞች ላይ ባካሄዱት ሥልጠና ስለ ጡት ካንሰር የራጅ ምርመራ ጥያቄ አቅርበው ነበር። በምርመራው ተገኘብሽ የተባለች ሴት በእርግጥ ካንሰር የመኖሩ ዕድል ከአሥር አንድ ያህል መሆኑን ከሥልጠናው በፊት የለዩት 21 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በአጋጣሚ መርጠው ቢመልሱ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያገኙ ነበር። ሐኪሞቹ መቶኛውን ወደ ሰዎች ቁጥር መለወጥን፣ ማለትም "ከ1,000 ሴቶች ስንቶቹ" ብሎ ማሰብን ከተማሩ በኋላ ግን በትክክል የመለሱት ወደ 87 በመቶ ከፍ አሉ። አዲስ የሒሳብ ቀመር አልተማሩም። የተለወጠው አቆጣጠራቸው ነው። መቶኛ ታሕቱን ይሸፍነዋል፣ የሰው ቁጥር ግን ያወጣዋል።

በመድኃኒት ልኬት ረገድ ያለው ችግር ከዚህ ይልቅ ቅርብና አስጊ ነው። እ.ኤ.አ በ1995 በብሪታንያ በ150 የሆስፒታል ሐኪሞች ላይ የተካሄደ ጥናት ግማሽ ያህሉ በመቶኛ ወይም በንጽጽር የተጻፈን የመድኃኒት መጠን ወደ ሚሊ ግራም በትክክል መለወጥ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ከሚገኙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አድሬናሊን ለረጅም ዘመን "1 ለ1,000" እና "1 ለ10,000" በሚል ሲጻፍ ኖሯል። የመጀመሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ሁለተኛው 0.1 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ትልቁ ቁጥር የተጻፈበት ብልቃጥ አነስተኛውን መድኃኒት ይይዛል። በሌሊት ተረኛ ለሆነ፣ ለደከመና ለተጣደፈ ሠልጣኝ ከዚህ የባሰ ወጥመድ ማዘጋጀት ያዳግታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ ይህ አጻጻፍ ከአድሬናሊን ብልቃጦች ላይ እንዲነሳ አድርጋለች። ጥፋቱን ሁሉ በአንባቢው ላይ ማሳረፍ እንደማይገባ የሚያሳይ እርምጃ ነው።

ለኢትዮጵያ ሠልጣኞች የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ የማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በእርግዝና ወቅት ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ኤክላምፕሲያ የተባለውን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ለመከላከልና ለማከም የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ በየማዋለጃ ክፍሉ ከማይጠፉት አንዱ ነው። በብዛት የሚገኘው በ50 በመቶ ጥንካሬ ነው። 50 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደግሞ ግማሽ ግራም ማለት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያ መጠን 4 ግራም ሲሆን ወደ 20 በመቶ ተበርዞ በዝግታ መሰጠት አለበት። ሠልጣኙ ከብልቃጡ 8 ሚሊ ሊትር ቀድቶ 12 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ሲጨምርበት 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ጥንካሬውም 20 በመቶ ነው። "20 ሚሊ ሊትር ስጥ" የሚለውን ብቻ ይዞ ሳይበርዝ ቢቀዳ ግን የሰጠው 10 ግራም፣ ማለትም የታዘዘውን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ የመተንፈስ ኃይልን ያዳክማል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በዚያችው እናት ላይ በጡንቻ የሚሰጠው ተከታይ መጠን ሳይበረዝ በ50 በመቶው ጥንካሬ መሆኑ ነው። አንድ መድኃኒት፣ አንዲት ታካሚ፣ ሁለት ጥንካሬ። ስልክ ላይ ያለ ማስያ ማባዛቱንና ማካፈሉን ይሠራዋል፤ የትኛው ቁጥር ለየትኛው እንደሚካፈል ግን የሚወስነው ሠልጣኙ ነው።

ይኸው መድኃኒት ሌላውንም የቁጥር ንባብ ጉድለት ለማሳየት ይረዳል። እ.ኤ.አ በ2002 ውጤቱ በታወቀውና በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ባሳተፈው ጥናት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ከተሰጣቸው መካከል ኤክላምፕሲያ የደረሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው መካከል ደግሞ 1.9 በመቶ ነበሩ። ይህን "አደጋውን 58 በመቶ ይቀንሳል" ብሎ መናገር ይቻላል። "ከ1,000 እናቶች 11 ያህሉን ከኤክላምፕሲያ ያድናል" ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሠልጣኝ መድኃኒቱ ከሁለት እናቶች አንዷን የሚያድን ሊመስለው ይችላል። ሁለተኛውን የሰማ ግን ለ90 ያህል እናቶች ሲሰጥ አንዷ ከሕመሙ እንደምትተርፍ ይረዳል፤ ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ስለሆነም መስጠቱ ተገቢ መሆኑን በምክንያት ያምንበታል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል ካለ የብሪታንያን ገጠመኝ መመልከት ይበቃዋል። በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ የአገሪቱ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አዳዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች በአንዷ የነበረው ወደ ሁለት ማደጉ ነበር። ታሕቱ ሳይነገር የወጣው ዜና ብዙ ሴቶች እንክብሉን እንዲያቋርጡ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ጽንስ የማቋረጥ ሁኔታዎች እንደታዩ ይገመታል። እርግዝናም ሆነ ጽንስ ማቋረጥ ራሳቸው ደም የማርጋት አደጋ እንዳላቸው በወቅቱ የተናገረ ቢኖርም የሰማው ጥቂት ነበር።

ቁጥር በጽሑፍ ሲቀርብ እንዲህ ካስቸገረ በሥዕል ሲቀርብ ይቀላል ተብሎ ይታሰባል። በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ግራፍም የራሱ ሰዋስው አለው። እ.ኤ.አ በ2007 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በ11 የሥልጠና ፕሮግራሞች የሚገኙ 277 የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ሐኪሞች በሕክምና መጽሔቶች ላይ የሚያጋጥማቸውን ስታትስቲክስ ምን ያህል እንደሚረዱ ተፈትነው ነበር። አማካይ ውጤታቸው 41.4 በመቶ ሆነ። ከሁሉም ዝቅ ካሉት መካከል በካፕላንና ማየር ስም የሚጠራውን፣ ሕሙማን በጊዜ ሂደት ምን ያህሉ በሕይወት እንደቆዩ በደረጃ የሚያሳየውን መስመር የሚመለከተው ጥያቄ ይገኝበታል። የመለሱት 10.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የካንሰር ሕክምና ጥቅም በአብዛኛው የሚገለጸው በዚሁ ግራፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ከሐኪሞቹ ሦስት አራተኛው የሚያነቡትን ስታትስቲክስ ሁሉ እንደማይረዱ በግልጽ መናገራቸው ግን ሊመሰገን የሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሠልጣኙ በየዕለቱ የሚያገኘው ግራፍ የካፕላንና ማየር ሳይሆን ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ቅጽ ነው። በአንዲት ገጽ ላይ የጽንሱ የልብ ምት፣ የማህፀን በር መከፈት፣ የምጡ ድግግሞሽና የእናትየዋ የደም ግፊት በሰዓት ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። የቅጹ ታሪክ ከአፍሪካ ጋር የተሳሰረ ነው። አሜሪካዊው ኢማኑኤል ፍሪድማን እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ አጋማሽ የማህፀን በር አከፋፈትን በመስመር ሥዕል ካሳዩ በኋላ፣ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በ1972 በዛሬዋ ዚምባብዌ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮችን ጨመሩበት። ዓላማው በገጠር ጤና ተቋም ያለች አዋላጅ ምጡ የተጓተተባትን እናት በወቅቱ ወደ ሆስፒታል እንድትልክ ማስቻል ነበር።

ግራፉ ቀላል ይመስላል። አንዲት እናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የማህፀን በሯ 5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ተገኘ እንበል። ነጥቡ በማስጠንቀቂያ መስመሩ ላይ ይሰፍራል። መስመሩ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር የሚወጣ በመሆኑ ቀን 6 ሰዓት ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ስትመረመር 7 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ሁለት ዓይነት ንባብ ሊኖር ይችላል። አንደኛው "ከ5 ወደ 7 ደርሳለች፣ ለውጥ አለ" የሚል ነው። ሁለተኛው ነጥቡ ከማስጠንቀቂያ መስመሩ በስተቀኝ በሁለት ሰዓት መዘግየቱን፣ በዚሁ ከቆመችም ከሁለት ሰዓት በኋላ የእርምጃ መስመሩ ላይ እንደምትደርስ ያያል። የመጀመሪያው ቁጥር አነበበ፤ ሁለተኛው ግራፍ አነበበ። ጤና ጣቢያው ከሆስፒታል የሦስት ሰዓት መንገድ የሚርቅ ከሆነ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት የእናትና የልጅ ሕይወት ነው። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በውጭው መመዝገቡ ሳይለይ በአንድ ቅጽ ላይ ሁለቱ ቢቀላቀሉ ደግሞ መስመሩ ሁሉ ይዛባል።

እ.ኤ.አ በ1994 ይፋ የሆነውና በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ ከ35,000 በላይ እናቶችን ያካተተው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ቅጹ ሥራ ላይ ሲውል የተራዘመ ምጥ ከ6.4 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። በኋላ የወጡ የጥናት ግምገማዎች ውጤቱ በሁሉም ስፍራ እንዲህ የጎላ አለመሆኑን ጠቁመዋል። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ቅጽ በራሱ አያዋልድም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ጤና ተቋማት በ420 ፓርቶግራፎች ላይ የተካሄደና በ2013 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት የጽንሱ የልብ ምትም ሆነ የማህፀን በር መከፈት በደንቡ መሠረት ተመዝግቦ የተገኘው በሲሶው ገደማ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። ነጥብ ያልተቀመጠበትን ግራፍ ማንም ሊያነበው አይችልም። የሥራ ጫና ምክንያት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቅጹን ለውሳኔ የሚጠቀምበት ሰው ሲሞላው፣ ለፋይል ማሟያ አድርጎ የሚያየው ደግሞ ከወሊድ በኋላ ከትውስታ እንደሚያሟላው መገመት አያዳግትም።

አሁን ደግሞ ቅጹ ራሱ ተለውጧል። በናይጄሪያና በኡጋንዳ ከ5,600 በላይ በሆኑ እናቶች ላይ የተካሄደው ጥናት ብዙዎች በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ሳይከፍቱም በሰላም እንደሚወልዱ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 የቀድሞውን መስመር አስተማማኝነት ተጠራጥሮ በ2020 እ.ኤ.አ አዲስ የምጥ ክብካቤ መመሪያ ቅጽ አወጣ። በዚህ ቅጽ ላይ ዘንበል ያለው የማስጠንቀቂያ መስመር የለም። ንቁው የምጥ ምዕራፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትርም የየራሱ የጊዜ ገደብ ተቀምጧል፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ 6 ሰዓት፣ በ7 ላይ 3 ሰዓት፣ በ9 ላይ 2 ሰዓት። የቀድሞው መስመር ምጣቸው እጅግ አዝጋሚ ከሆነው 10 በመቶ እናቶች የተወሰደ መሆኑን ያወቀ ሠልጣኝ ለውጡን በቀላሉ ይቀበለዋል። መስመሩን እንደ ሕግ የያዘው ግን ሁለተኛ ሽምደዳ ይጠብቀዋል።

በሕፃናት ክፍል ያለው የዕድገት መከታተያ ካርድም ተመሳሳይ ነው። ሐኪሙ ዴቪድ ሞርሊ በናይጄሪያ ገጠር ያስጀመሩት ይህ ካርድ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ ወዲህ ጋናን ጨምሮ ከስድስት አገሮች በተሰበሰበ የ8,500 ያህል ሕፃናት ልኬት ላይ ተመሥርቷል። የክብደቱ ነጥብ ከመስመር በላይ ሆኖ ለሦስት ወራት ቁልቁል የወረደ ሕፃን፣ ከመስመሩ በታች ሆኖ ሽቅብ ከሚወጣው ይልቅ ሊያሳስብ ይችላል። አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያይ ሠልጣኝ የመጀመሪያውን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

የወባ መከታተያ ገበታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ቀን ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ገበታ የሳምንቱ የሕሙማን ቁጥር ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸራል። የመመርመሪያ ዕቃ ባለቀበት ሳምንት መስመሩ ይወርዳል፣ ዕቃው ሲገባ ይወጣል። ወባው ግን በሁለቱም ሳምንታት ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ስንት ሰው ተገኘበት" ከሚለው ጎን "ከስንት ተመርማሪ" የሚለው ካልተጻፈ ወረርሽኙ ሳይታይ ሊያልፍ ወይም የሌለ ወረርሽኝ ሊታወጅ ይችላል።

ወደ አገር አቀፍ አኃዞች ሲኬድም ይኸው ነው። የእናቶች ሞት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት እ.ኤ.አ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 ደግሞ 412 እንደነበር የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ያሳያሉ። ሦስቱን በግራፍ አስቀምጦ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ሞት "በ3 ጨምሯል" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ቁጥሮቹ በናሙና የተገኙ ግምቶች ናቸው። 412 የተባለውም ከ273 እስከ 551 በሚደርስ የግምት ክልል ውስጥ ያለ ነው። ክልሉን ሳያሳይ ነጥቡን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ ከሚያውቀው በላይ ይናገራል።

የሥልጠናውን ሁኔታ በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ብቻ የነበረው የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ በፍጥነት ተስፋፍቷል። በ2004 ዓ.ም በ13 ተቋማት አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጀመሩም ይታወሳል። መስፋፋቱ የሐኪም እጥረትን ለማቃለል አስፈላጊ ነበር። በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ሠልጣኞች በበዙ ቁጥር ግን መምህሩ እያንዳንዱን "ይህን መስመር አንብብልኝ" ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ያጥራል።

ባዮስታትስቲክስ የሚባለው ትምህርት በአብዛኛው ሠልጣኙ ገና ሕመምተኛ ሳያይ በክፍል ውስጥ ይሰጣል። በጅማ በተጀመረው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሠልጣኞች በቡድን ወደ ቀበሌዎች ወጥተው ከየቤቱ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ሠንጠረዥና ግራፍም ያዘጋጃሉ። ይህ ብዙ አገሮች የሌላቸው መልካም መሠረት ነው። የሚጎድለው ቀጣይነቱ ነው። በቀበሌ ታሕቱን ጠንቅቆ የቆጠረ ሠልጣኝ ሆስፒታል ሲገባ ቁጥሩን የላቦራቶሪ፣ ግራፉን የአዋላጅ ሥራ አድርጎ ይተወዋል፤ የቀበሌው ትምህርትና የክፍሉ ሥራ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ካላገኘ በእርሱ መፍረድ አይቻልም።

መፍትሔው ተጨማሪ የሒሳብ ኮርስ አይደለም፤ የጀርመኑ ሥልጠና እንዳሳየው በአጭር ጊዜም ብዙ መለወጥ ይቻላል። በማለዳው የሐኪሞች ጉብኝት ላይ አንድ ፓርቶግራፍ ወይም አንድ የዕድገት ካርድ ተነስቶ ሠልጣኙ ጮክ ብሎ ቢያነበው የሚወስደው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ፈተናውም ቢሆን የማስጠንቀቂያ መስመር ትርጉም ምንድን ነው ብሎ በምርጫ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሠልጣኞች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በሚመዘኑበት የተግባር ፈተና ላይ ሰባት ነጥቦች የሰፈሩበትን ቅጽ ሰጥቶ "ይህችን እናት ምን ታደርጋታለህ? እስከ ስንት ሰዓት?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ባዶ የማግኒዚየም ብልቃጥ፣ ውሃና ሲሪንጅ ለሌላው ጣቢያ ይበቃሉ።